ደጀን አንድ ሌሊት ብናድር ምን እናያለን?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ለጥምቀት ሰሞን ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ዘመድ ልጠይቅ በራሴ መኪና እሄዳለሁ። ባለቤቴ፣ የ9 እና የ13 ዓመት ልጆቼ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አባቴም አብረውኝ ናቸው። በአንድ ቀን ከመሮጥ ደጀን አንድ ሌሊት አድረን የዓባይ በረሃን ብናይ ብዬ ነበር። የነገርኳቸው ሁሉ ግን ‹ደጀን ምሳ ተበልቶ የሚታለፍባት ከተማ ናት፤ ምን ልታይ ነው?› አሉኝ። እውነት የሚታይ የለም? ካለስ ከየት እንጀምር? አንድ ቀን ብንጨምርስ የት እንሂድ?»

ምላሽ፦

ሰዎቹ ስለ ከተማዋ ከሆነ ብዙም አልተሳሳቱም። ደጀን በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋች የመንገደኛ ከተማ ናት። ምግብ ቤት፣ አልጋ፣ ነዳጅ፣ ጎማ ቤት፣ የጭነት መኪና ሰልፍ፤ ከዚያ ያለፈ ብዙ አይጠብቁ። ነገር ግን ከተማዋ የተቀመጠችው በበረሃው አፋፍ ላይ ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ቆመው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ሲነዱ ከ1,100 ሜትር በታች ወዳለው ወንዝ ይደርሳሉ። ያን ያህል ቁልቁለት በአንድ የአስፋልት መንገድ፣ ድንጋዩ ሁሉ በመንገዱ ዳር ተቆርጦ እየታየ የሚወረድበት ሥፍራ በአገራችን ጥቂት ነው። የጂኦሎጂ ተማሪዎች በየዓመቱ በአውቶቡስ ተጭነው የሚመጡትም ለዚህ ነው፤ እኔም የማውቀው ከዚያው ሥራ ነው።

ችግሩ ሌላ ነው። በረሃውን የሚያልፍ ሰው ሁሉ የሚያልፈው በማይሆን ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ ጠዋት የተነሣ መኪና በሸዋ በኩል አፋፉ ላይ ያለችው ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ረፋዱ ያልቃል፣ ወንዙ ጋ ሲደርስ ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች፤ ሾፌሩ ፍሬኑን ያስባል፣ ተሳፋሪው መስኮቱን ይከፍትና ይተኛል። ደጀን ማደር የሚጠቅምዎት ለሌላ አይደለም፣ የሚቀጥለውን ጠዋት ለማግኘት ነው። ስለዚህ ምክሬ በአጭሩ ይህ ነው፦ በመጀመሪያው ቀን በረሃውን ሳይቆሙ ተሻግረው ይግቡ፤ በማግሥቱ ሳይነጋ ተነሥተው ከደጀን ተመልሰው ወደ ወንዙ ይውረዱ፤ ፀሐይ ሳትበረታ ወጥተው ቁርስ በልተው ወደ ደብረ ማርቆስ ይቀጥሉ። ያንኑ መንገድ ሁለት ጊዜ መንዳት ሞኝነት ይመስላል። ግን አይደለም።

«ሳይቆሙ» ስል አንድ ቦታ አስቀርቼ ነው፤ እሱም የጎሐ ጽዮን አፋፍ ነው። በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ያጋደለች ናት። የጎጃም በኩል ያለው ግድግዳ ደግሞ ፊቱን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስለሰጠ ጠዋት ብርሃኑን ሙሉ በሙሉ ይቀበላል። ከአዲስ አበባ 12 ሰዓት ላይ ከወጡ ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ጎሐ ጽዮን አፋፍ ላይ ይሆናሉ፤ ማዶ ያለው የደጀን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ወለል ብሎ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። መኪናውን ከአስፋልቱ በደንብ አውጥተው ያቁሙና ልጆቹን አንድ ጥያቄ ይጠይቋቸው፤ «እርሻና ጎጆ ያለው የት ላይ ነው? ገደል የሆነውስ የት ላይ?» ይበሏቸው።

ይህች ጥያቄ የበረሃውን ግማሽ ታስረዳለች። ግድግዳው እንደ ደረጃ ነው፤ ቀጥ ያለ ገደል፣ ከሥሩ ዘንበል ያለ ሜዳ፣ እንደገና ገደል፣ እንደገና ሜዳ። ገደል ሆኖ የቆመው ጠንካራው ድንጋይ ነው፤ ከላይ ባዛልት የተባለው ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ መሐል ላይ የኖራ ድንጋዩ፣ ከታች ቀዩ የአሸዋ ድንጋይ። ዘንበል ብሎ የተኛው ደግሞ ለስላሳው ነው፤ የደረቀ ጭቃና ጄሶ የበዛበት። ገበሬው የሚያርሰው እዚያ ላይ ነው፣ ጎጆውን የሚቀልሰውም እዚያ ላይ ነው፤ ምንጭ የሚፈልቀውም አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱ ድንበር ላይ ነው፤ ከላይ በተሰነጣጠቀው ድንጋይ የሰረገው ውኃ ውኃ የማያሳልፈው ጭቃ ላይ ሲደርስ መውጫ ይፈልጋልና። ክረምት ሲገባ የሚንሸራተተውም ያው ለስላሳው ክፍል ነው። አፈር፣ ውኃና አደጋ አንድ ላይ የሚገኙበት ቦታ ማለት ነው።

ከዚያ ይውረዱ፣ ይሻገሩ፣ ይውጡ። ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው ከአፋፍ እስከ አፋፍ። ለሾፌሩ የምለው ነገር አለኝ፤ ቁልቁለቱን በፍሬን አይያዙት፣ በማርሽ ይያዙት። ሁለተኛ ማርሽ ላይ አስገብተው ሞተሩ እንዲይዝ ካላደረጉ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ሊል ይችላል፤ በየገደሉ ሥር የሚታየው የተገለበጠ መኪና ብዙው የዚህ ውጤት ነው። ሲወጡ ደግሞ የውኃውን ሙቀት መለኪያ አይርሱ። የተጫነ ከባድ መኪና ከፊት ካለ ቦታ እስኪገኝ ይታገሱ፤ መታጠፊያ ላይ ለመቅደም የሚጣደፍ ሚኒባስ ይመጣልዎታል፣ እሱን ያሳልፉት።

ደጀን ገብተው ምሳ በልተው ያርፉ። አባትዎም ትንሽ ጋደም ይበሉ። አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ከከተማው ወደ በረሃው መውረጃ ትንሽ ወጣ ብለው አፋፉ ላይ ይቁሙ። ማታ ላይ ብርሃኑ በጎን ስለሚመጣ እያንዳንዱ ሸንተረር ጥላ ይጥላል፤ የሸለቆው ጥልቀት የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ከሥር የሞቀው አየር ሽቅብ ሲነሣ ጥንብ አንሳና ንስር ክንፉን ዘርግቶ ሳያራግብ ከእግርዎ በታች ሲያልፍ ያያሉ፤ ወፍን ከላይ ወደ ታች ማየት ለልጆች ብርቅ ነው። አፋፉ አጥር የለውም። የ9 ዓመቱን ልጅ እጅ መያዝ አይዘንጉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ማግሥቱ ጠዋት።

12 ሰዓት ላይ ሲወጡ ደጀን ብርድ ነው፤ በጥር ደጋው ጋቢ ያስለብሳል። ወንዙ ጋ ግን ሌላ አገር ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ዝቅታ ከ6 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ስለዚህ ታችና ላይ 9 ዲግሪ ያህል ይለያያሉ፣ ቀን ላይ ድንጋዩ ከጋለ በኋላ ደግሞ ልዩነቱ ከዚያም በላይ ይሰማል። ሲወርዱ ጋቢና ሹራብ አንድ በአንድ ይወልቃል። ከቤት ይዘውት የሚወጡት ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ በሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውኃ፣ ኮፍያ፣ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አቼቶ። አቼቶው ለሰላጣ አይደለም፤ ምን እንደሚሠራ ቆይቼ እነግርዎታለሁ።

የመጀመሪያው ድንጋይ ከተማዋ ራሷ የቆመችበት ጥቁሩ ባዛልት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ከምድር ስንጥቅ የወጣ ቅልጥ ዐለት በላይ በላዩ እየፈሰሰ የረጋ ነው፤ ያ ጎርፍ ከዚህ እስከ ሰሜን ድረስ የኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነው ነው። መንገዱ በተቆረጠበት ቦታ ላይ ወደ ላይ የቆሙ ባለ ብዙ ማዕዘን ምሰሶዎች ካዩ ማንም አልጠረባቸውም፤ ቅልጡ ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ የተሰነጠቀው እንደዚያ ነው። የደጀንና የብቸና ጥቁር አፈር፣ ያ ጥሩ ጤፍ የሚያበቅለው፣ የዚሁ ድንጋይ ልጅ ነው። ይህን ለአባትዎ ቢነግሯቸው ይስማማሉ፤ የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ አፈሩን ከጂኦሎጂስት በላይ ያውቃል።

ከባዛልቱ ሥር የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ ሥር ደግሞ ጂኦሎጂስቶች የሙገር ጭቃ ድንጋይ የሚሉት ቀያይና አረንጓዴ ቀለም ያለው ለስላሳ ክፍል ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ መቆም አያስፈልግም፣ መቆሚያውም አይመችም። ለ13 ዓመቱ ልጅ ግን አንድ ነገር ይንገሩት፤ ከዚሁ የድንጋይ ክፍል ውስጥ፣ እዚህ ሳይሆን በጀማ ወንዝ ሸለቆ፣ የዳይኖሰር ጥርስ ተገኝቷል። ከዚያ በኋላ ልጁ ዓይኑን ከመንገድ ዳር አያነሣም።

ቀጥሎ የሚመጣው ለእኔ የበረሃው ልብ ነው። ነጣ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ እንደ ተደረደረ መጽሐፍ ስስ ስስ ሆኖ የተነባበረ ገደል ይጀምራል። የኖራ ድንጋይ ነው፤ በትግራይ ባለችው አንታሎ ስም የሚጠራው። ዕድሜው 150 እና 160 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ይሆናል። ጠጋ ብለው ሲያዩት በውስጡ ዛጎል አለ፤ የቀንድ አውጣ ቅርጽ ያለው፣ እንደ ተዘጋ ክዳን ሁለት ቅርፊት የገጠመ፣ ኮከብ ቅርጽ የታተመበት የባሕር እንስሳ ቅሪት፣ አልፎ አልፎ ዛጎል ብቻ ሆኖ የተጨፈለቀ ንጣፍ። ባሕር ነበር። ከትግራይ እስከ ኦጋዴን ድረስ የሸፈነ ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር። ዛሬ ባሕር የማናውቅ የጎጃም ሰዎች እርሻችን የተቀመጠው በጥንት ባሕር ወለል ላይ ነው።

አቼቶው የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ልጆቹ ከመንገዱ ዳር ከወደቀ ስባሪ ላይ አንዲት ጠብታ ያድርጉ፤ ጆሯቸውን ቢያስጠጉ ሲንሾሸሽ ይሰማሉ፣ ዓይናቸውን ቢያስጠጉ ትናንሽ አረፋ ያያሉ። ሎሚም ይሠራል። ባዛልቱ ላይ ቢሞክሩት ምንም አይሆንም። ከታች ጄሶው ላይ ቢሞክሩትም ምንም አይሆንም፤ ጄሶው ግን ሌላ መታወቂያ አለው፣ በጥፍር ሲጭሩት ይጫራል። በአቼቶና በጥፍር ብቻ የበረሃውን ሦስት ዋና ድንጋይ ለይተው ማወቅ ይችላሉ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የመጀመሪያ ዓመት ላይ የምናስተምረው ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ዛጎል ያለበትን ድንጋይ ልጆቹ ወደ ቤት ይዘው መሄድ መፈለጋቸው አይቀርም። ፎቶ አንሥተው ይተዉት። ቅሪተ አካል በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የአገር ቅርስ ነው፤ ሕጉ ባይኖርም እኮ እያንዳንዱ መንገደኛ አንድ አንድ ቢወስድ ከመንገዱ ዳር የሚቀር አይኖርም። መዶሻ አይውሰዱ፤ ግድግዳውን መምታት በላይ ያለውን ልቅ ድንጋይ ይጠራል።

ከኖራ ድንጋዩ በታች አስፋልቱ መወዛወዝ ይጀምራል። ብዙ ሰው «ሥራው አልጠነከረም» ይላል። መንገዱ በጃፓን እርዳታ በጥሩ እጅ የታደሰ ነው፤ ያጠመመው ከሥሩ ያለው መሬት ነው። እዚህ ያለው የጎሐ ጽዮን ስም የተሰጠው ክፍል ነው፤ ውፍረቱ 450 ሜትር ያህል ሲሆን ጄሶ፣ ሸክላ የመሰለ ስስ ድንጋይና ዶሎማይት የተባለው የኖራ ድንጋይ ዘመድ እየተፈራረቁ የተነባበሩበት ነው። ባሕሩ ገና ሲመጣ፣ ጥልቀት በሌለው ረግረግ ውስጥ ውኃው እየተነነ ጨዋማው ሲረጋ የተፈጠረ ነው። ጄሶ በውኃ ይሟሟል፣ ሸክላው ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር የተራራው ጎን ራሱ ወደ ወንዙ ይንሸራተታል። ከመንገዱ ዳር የተንጋደደ የስልክ ምሰሶ ወይም የተሰነጠቀ የግንብ ድጋፍ ካዩ ተራራው ምን ያህል እንደ ተጓዘ ይነግርዎታል። በነሐሴ ቢሆን ኖሮ እዚህ ቆመው ይመልከቱ አልልዎትም ነበር። ጥር ላይ ደረቅ ነው፣ ቆሞ ማየት ይቻላል።

በዚህ መካከል ዕፀዋቱም ተለውጧል፤ ደጋው ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ቀርቶ ግራር፣ ቁልቋልና የዕጣን ዛፍ መጥቷል። የዕጣን ዛፉን በጥር ቅጠሉን አራግፎ ያገኙታል፤ ልጡ እንደ ወረቀት ይላጣል። ዝንጀሮዎቹ ከመንገዱ ዳር ተቀምጠው መኪና ይጠብቃሉ። ሙዝ አይወርውሩላቸው። መኪና ሲያዩ ወደ አስፋልት መሮጥ የለመዱት ሰው አስለምዷቸው ነው፣ በጎማ ሥር የሚያልቁትም በዚሁ ልማድ ነው። መስኮት ክፍት ከተዉ ደግሞ ቦርሳ ይዞ የሚሮጥ አለ።

ከታች ቀዩ የአሸዋ ድንጋይ ገደል ሆኖ ወንዙን ይዞታል። ይህም በአዲግራት ስም የሚጠራ ነው፤ ባሕሩ ከመምጣቱ በፊት ወንዞች ያነጠፉት አሸዋ ነው። ዓባይ በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ቆርጦ የወረደው ደጋው ቀስ በቀስ ወደ ላይ ሲነሣ ነው፤ መሬቱ ሲነሣ ወንዙ ይቆርጣል፣ በተለይ ካለፉት 10 ሚሊዮን ዓመታት ወዲህ ቁፋሮው ፈጥኗል።

ወንዙ ላይ ሁለት ድልድይ ጎን ለጎን አለ። አሮጌው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ፣ 205 ሜትር የሚረዝም ነው። አዲሱ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ካጂማ በተባለው የጃፓን ተቋራጭ ተሠርቶ በ2001 ዓ.ም. ዋዜማ የተመረቀው ባለ ገመዱ ድልድይ ነው፤ ርዝመቱ 303 ሜትር ነው። ሁለቱም በጥበቃ ሥር ናቸው። ድልድዩ ላይ መኪና አቁሞ ፎቶ ማንሣት አይሞክሩ፤ ጠባቂዎቹን ሰላም ብለው የት ድረስ መቅረብ እንደሚቻል ይጠይቁ፣ «አይቻልም» ካሉ አይከራከሩ። ብዙ ሰው የሚመጣው ድልድዩን ለማየት ነው። እኔ ግን ከበረሃው ነገሮች ሁሉ ትንሹ ድልድዩ ነው ባይ ነኝ።

ከድልድዩ አጠገብ ያለው የወንዝ መለኪያ ጣቢያ በውኃ መሐንዲሶች ዘንድ ከሴ ተብሎ ይታወቃል። እዚህ ላይ የሚያልፈው ውኃ ከ65 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት የተሰበሰበ ነው፤ የጣና ተፋሰስ፣ የጎጃም ምሥራቅ፣ የወሎና የሸዋ ገደላገደል ሁሉ። በጥር ወንዙ ቀጭን ነው፣ ድንጋዮቹ ይታያሉ። በነሐሴ ቡናማ ጎርፍ ነው፤ ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የተባለው ያኔ ያየው ሰው ነው የተናገረው። ቀጭን ነው ብለው ግን ልጆቹ እግራቸውን እንዲነክሩ አይፍቀዱ። አዞ አለ። ውኃው ጸጥ ባለበት ቦታ ደግሞ የበለጠ አለ።

ለአባትዎ እዚህ ቦታ ላይ የሚነግሩት ሳይሆን የሚጠይቁት ነገር ይኖርዎታል ብዬ አስባለሁ። ጎጃምን ዓባይ በሦስት በኩል ከቦታል፤ ድልድይ ሳይኖር ክረምት በመጣ ቁጥር መሻገር ከባድ ነበር፣ ጎርፍ የወሰደው ዋናተኛና መንገደኛ በየቤቱ ይወራል። በዚህ አካባቢ ያለው የጥንቱ መሻገሪያ ሳፋርታክ ይባላል። በ1933 ዓ.ም. መጋቢት ማለቂያ ላይ ከደብረ ማርቆስ የለቀቀው የጣሊያን ጦር ዓባይን ተሻግሮ ወደ ሸዋ የሸሸው በዚህ በኩል ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ደግሞ እነ በላይ ዘለቀ በብቸናና በአካባቢው ሲዋጉ በረሃው መሸሸጊያም ምሽግም ነበር። በላይ ድሉን አይቶ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት መሞቱ በምሥራቅ ጎጃም ሽማግሌዎች ዘንድ አሁንም የሚያስተክዝ ወሬ ነው። አባትዎ ከዚያ አካባቢ ከሆኑ የልጅነት ወሬያቸውን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ ልጆቹ ቢሰሙት መልካም ነው።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሽቅብ ይመለሱ። አባትዎ የደም ግፊት ካለባቸው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ታች አያቆዩአቸው፤ ከመኪና ወርደው ብዙ አይራመዱ፣ ውኃ ሳይጠማቸውም ይጠጡ። የበረሃው ሙቀት ድካሙን ሲያመጣ የሚሰማው ዘግይቶ ነው። በረሃው ወባማ ስለሆነ ታች ማደርንም አላበረታታም፤ ለአንድ ሌሊት ጀብድ ብሎ ወንዙ ዳር ድንኳን የሚተክል ሰው አለ፣ እናንተ ግን ልጅና ሽማግሌ ይዛችኋል።

ልጆቹ መራመድ ከፈለጉ ሌላ መንገድ አለ። ከበረሃው መንደሮች ሰዎች በገበያ ቀን ፍየልና ማሽላ ይዘው በእግር ወደ ደጀን የሚወጡባቸው ቀጫጭን የእግር መንገዶች አሉ። ከአፋፉ ጀምሮ አንድ ሰዓት ያህል ቁልቁል ወርዶ መመለስ ይቻላል። የአካባቢውን ልጅ ይዘው ይሂዱ፤ የቀኑን ዋጋ አስቀድመው ይስማሙ። የሚያስቸግረው መውረዱ አይደለም፣ መውጣቱ ነው፤ ለወረዱበት ጊዜ እጥፍ ይመድቡ። ይህን ለ13 ዓመቱ እመርጣለሁ፣ ለ9 ዓመቱ ግን አልመክርም። እናቱም ትስማማለች ብዬ እገምታለሁ።

ስለ ጥምቀቱ አንድ ማስታወሻ። ጥር 10 ከተራ ነው፤ ከሰዓት በኋላ በየከተማውና በየመንደሩ ታቦት ስለሚወርድ መንገዱ ለረጅም ጊዜ ሊዘጋ ይችላል። እኔ ብሆን ጥር 9 ደጀን አድሬ ጥር 10 ጠዋት በረሃውን አይቼ፣ ከሰዓት በፊት ደብረ ማርቆስ ገብቼ ከተራውን ከዘመድ ጋር አከብራለሁ። መንገዱ ላይ የታቦት አጀብ ካገኙ መኪናውን ዳር አስይዘው ይውረዱና ይጠብቁ። ለልጆቹ ከማንኛውም ጉብኝት የሚበልጥ ነው።

ደጀን ያሉ አልጋዎች ቀለል ያሉ ናቸው። ሞቅ ያለ ብርድ ልብስ ይጠይቁ፤ ለጥምቀት ሰሞን አስቀድመው ስልክ ደውለው ይያዙ። የመንገዱን ሁኔታ ደግሞ ከመነሣትዎ በፊት በዕለቱ ያጣሩ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት መንገዱን አንዳንድ ጊዜ የሚዘጋ በመሆኑ የትናንቱ ወሬ ለዛሬ አያገለግልም። ደብረ ማርቆስ ያለው ዘመድዎ፣ የአውቶቡስ ሾፌሮች፣ የጎሐ ጽዮን ነጋዴዎች ከማንም በላይ ያውቃሉ። «ዛሬ አትሂዱ» ካሏችሁ አትሂዱ፤ ድንጋዩ 150 ሚሊዮን ዓመት ቆይቷል፣ ሌላ ዓመትም ይጠብቃችኋል። ከመሸ በኋላ በረሃውን አያቋርጡ፤ ይህን በሰላሙም ጊዜ እላለሁ።

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ያለው 70 ኪሎ ሜትር ገደማ የደጋ መንገድ ነው፤ የትኖራንና ሉማሜን ያልፋሉ። የትኖራ በደርግ ዘመን በአምራቾች ማኅበሯ ስሟ የገነነ ነበር፤ አባትዎ ያንን ዘመን በእርግጥ ያስታውሱታል፣ በበጎም ይሁን በክፉ። ሌላ የሚያቆም ብዙ የለም።

ስለ ተጨማሪው ቀን የጠየቁት ሁለት መልስ አለው፣ እንደ አባትዎ ጤናና እንደ ልጆቹ ፍላጎት።

አባትዎን የሚያስደስተው ዲማ ጊዮርጊስ ነው። ከደጀን ወደ ብቸና የሚወስደውን መንገድ ይዘው ብቸና አጠገብ ይደርሳሉ። የጎጃም ቅኔ ሲነሣ ከሚነሡት ቦታዎች አንዱ ነው፤ ጥንታዊ ገዳም ሲሆን የአብነት ተማሪዎች ጎጆ እየቀለሱ የሚማሩበት ነው። ተማሪዎቹ ሲቀጽሉ፣ ማለትም ትምህርታቸውን በቃል ሲያጠኑ፣ ቢያገኟቸው ልጆቹ ከእነሱ ብዙ የማይበልጥ ልጅ በቃሉ ምን ያህል እንደያዘ ያያሉ። በትምህርት ሰዓት ፎቶ ማንሣት ነውር ነው፤ መጀመሪያ መምህሩን ያስፈቅዱ፤ ስንቅ ይዞ መሄድ ደግ ነው። በዚሁ መንገድ ወደ ፊት ደብረ ወርቅ አለ፤ መርጡለ ማርያም ደግሞ ከዚያ ወዲያ ነው፣ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ከነቅርጹ ቆሞ ያለበት። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ቀን ከዲማ ጋር ለመጨመር አይሞክሩ፤ ሦስቱንም ሮጠው አንዱንም ሳያዩ ይመለሳሉ።

ልጆቹን የሚያስደስተው ጮቄ ነው። ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ በኩል ይወጣል። ከፍታው 4,100 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ጅብራ የተባለው ረጅም የደጋ ተክል የቆመበት ውርጭ አገር ነው። ከትናንት በስቲያ ወንዙ ዳር ቆመው በጠዋቱ ላባቸውን ያበሱ ልጆች እዚያ ጓንት ይጠይቃሉ። ለእኔ ከሙያ አንጻር ሁለቱ አንድ ጉዞ ናቸው፤ ጮቄ ራሱ ከደጀን ባዛልት በላይ ዘግይቶ የተከመረ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው፤ ወንዙ ጋ ካዩት ቀይ አሸዋ ጀምሮ እስከ ጮቄ ጫፍ ድረስ ያለው ድንጋይ በቅደም ተከተል ይገጣጠማል። ግን እስከ ላይ ድረስ አባትዎን አይውሰዱ፤ በዚያ ከፍታ ትንፋሽ ያጥራል። እሳቸውን ዘመድ ቤት ትተው ልጆቹንና ባለቤትዎን ይዘው ጠዋት ወጥተው ከሰዓት ይመለሱ፤ መንገዱ ጠጠር ስለሆነ ትንሽ መኪና ከሆነች ከደብረ ማርቆስ ከፍ ያለ መኪና መከራየት ይሻላል።

አንዱን ይምረጡ ካሉኝ ዲማን እመርጣለሁ፤ አባትዎ ሳይቀሩ ሁላችሁም አብራችሁ የምትሄዱበት ነውና። ጮቄ ለሌላ ጊዜ ይቆይ፤ በጥቅምት ሣሩ ለምለም ሳለ ቢያዩት ደግሞ የተሻለ ነው።